ሃያ ሰከንድ የሚጠብቅ በር

ቆቦ ውስጥ በሪሞት የሚከፈቱ የግቢ በሮች አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቱ የእህል መጋዘን በር ናቸው፣ አንዱ የእንግዳ ማረፊያ ነው፣ የቀሩት የነጋዴ መኖሪያ ቤቶች ናቸው። ሮቢትና ዋጃ ያሉት ሲጨመሩ አሥራ ስድስት ይሞላሉ። ሁሉንም የሚጠግነው አንድ ሰው ነው፤ ባለቤቴ መህዲ።

ሥራውን የተማረው ጅዳ ነው። በባህር ሄዶ፣ ለአንድ ግብፃዊ በር ገጣሚ አራት ዓመት መሰላል ተሸክሞ ነው የተማረው። ተይዞ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ቦርሳ ልብስና አንድ ቴስተር ነበር። አማቴ ቦርሳውን በርብራ ስታበቃ «ወርቁስ?» አለችው አሉ። ቴስተሩን አንስቶ «ይኼውልሽ» አላት። እሷም ለጎረቤት «ልጄ መብራት የሚለካ ወርቅ ይዞ መጣ» ብላ አወራች። ያኔ ገና አልተጋባንም፤ ወሬውን የሰማሁት ቦኖ ውሃ ስቀዳ ነው።

እኛ አገር በር የሚያበላሸው አቧራ ነው። ከማሳው ይነሳል፣ ከውድማው ይነሳል፣ ግመል ሲነዳ ይነሳል። መጀመሪያ የሚይዘው ዓይኑን ነው። በግራና በቀኝ ምሶሶ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ የመስታወት ዓይኖች አሉ። በመካከላቸው ሰው ወይም ከብት ከቆመ በሩ አይዘጋም። አቧራ ሲሸፍናቸው በሩ ሁልጊዜ ሰው የቆመ ይመስለዋል፤ ተከፍቶ ያድራል። ባለቤቱ «ተቃጠለ» ብሎ ይደውላል፤ መህዲ ይሄድና በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለዋል፤ አለቀ። ሌላው ችግር እንሽላሊት ነው። የሞተሩ ሳጥን ውስጥ ጥላ ፍለጋ ትገባለች፣ ሽቦ ላይ ትሞታለች፣ ሞተሩን የሚያዘውን ቦርድ ይዛው ትሄዳለች። የማሽላ አገዳም ከጋሪ ላይ ይወድቅና በሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ዘበኞች ናቸው። መብራት ሲጠፋ በሩን በእጅ ለመግፋት መጀመሪያ ሞተሩን ከበሩ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ለዚያ የተሠራች ትንሽ ቁልፍ አለች። ዘበኞቹ ግን ሳያላቅቁ በጉልበት ይገፉና የሞተሩን ጥርስ ይጨርሱታል። መህዲ ሦስት ሞተር እንዲህ ሲበላሽበት ጊዜ ቁልፎቹን በሙሉ ሰብስቦ ቤት አመጣቸው። በሽቦ ሰክቶ ግድግዳችን ላይ ሰቀላቸው። «መብራት ሲጠፋ ይደውሉልኝ። ቆቦ ምን ያህል ናት?» አለ። እውነቱን ነው፤ በባጃጅ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ደንበኞቹም እሺ አሉ።

ከበሮቹ ሁሉ ትልቁ የጋሽ ዘካሪያስ ነው። ጋሽ ዘካሪያስ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። በሩ ስድስት ሜትር ሙሉ የሚንሸራተት ብረት ነው፤ ሞተሩ ሳይኖር ሁለት ወንድ ይፈልጋል። አጠገቡ ያለችውን ትንሽ የእግር በር በጦርነቱ ጊዜ ዘራፊ ገብቶባት ስለነበር መህዲ ራሱ በይዶ ዘጋት። ኋላም ከብት እየገባ የባለቤቱን የእትዬ ፍሬሰላምን ጎመን ሲጨርስ፣ ጋሽ ዘካሪያስ በሩ ቶሎ እንዲዘጋ አዘዘ። መህዲ ሃያ ሰከንድ ላይ አደረገው። በሩ ተከፍቶ ሃያ ሰከንድ ሰው ካላየ፣ ራሱ ይዘጋል።

ይኼ ሁሉ ከሰኔ በፊት ነው።

የመህዲ ታናሽ ወንድም ሙሀመድሰይድ ባጃጅ ይነዳ ነበር። በሰኔ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነሳው አቧራ አስፓልቱን ሸፍኖት ሳለ፣ ከሮቢት ሲመለስ አንድ ልጅ ገጨ። ልጁ ናትናኤል ይባላል፣ የጋሽ ዘካሪያስ ልጅ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊቀመጥ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሙሀመድሰይድ ራሱ አንስቶ ሆስፒታል አደረሰው፣ ከዚያ በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ልጁ በማግስቱ አረፈ።

መህዲ አላለቀሰም። ከሥራም አልቀረም። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል፣ የቀረበለትን ይበላል። አንድ ቀን ወጡ ላይ ጨው ረስቼ አቀረብኩለት፤ ምንም አላለም። በማግስቱ ልየው ብዬ ሆን ብዬ ሳልጨምር አቀረብኩ። በላው። ሌላ ቀን መዶሻ አውራ ጣቱን መታው፤ ደሙን የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው ቆሞ አየው። ልጃችን ፈሪሀ መራመድ የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። ሦስት እርምጃ ተራምዳ እግሩ ሥር ስትወድቅ አንስቶ አቆማትና ወደ ሥራው ሄደ።

በእኛ አገር ደም ያለበት ወገን የሟችን ወገን ፊት አያይም። በእነሱ ሠፈር አያልፍም፣ እነሱ ባስፈጩበት ወፍጮ አያስፈጭም፣ ገበያ ላይ ቢገናኙ ቀድሞ የሚዞረው እሱ ነው። ደሙ ታስቦም ሆነ ሳይታሰብ ቢፈስ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ከሰኔ ጀምሮ መህዲ የጋሽ ዘካሪያስን በር አላየውም። ቁልፉም ግድግዳችን ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ማን ያስታውሰው?

እርቁን የያዙት አባ ታረቀኝና አራት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሁለቱ ከክርስቲያን፣ ሁለቱ ከእስላም። ሽማግሌ ለደም ሦስት ጊዜ ይሄዳል። ቀኑን አስቀድሞ ይልካል። ሲደርስ ከደጃፉ አምስት ስድስት እርምጃ ራቅ ብሎ ዱላውን ተደግፎ ይቆማል። አይጣራም፣ አያንኳኳም። በር ስለተከፈተለት አይገባም፤ ባለቤቱ ራሱ ወጥቶ «ግቡ» ማለት አለበት። በመጀመሪያው ጊዜ ጋሽ ዘካሪያስ ወጥቶ «ገና ነው» አላቸው። በሁለተኛው «ቁስሌ አልጠገገም» አለ። ሦስተኛው ካልሆነ ነገሩን መሬት ላይ ጥለውት ይነሳሉ፤ እኛም ቤታችንን ነቅለን አገር እንለቃለን። ሙሀመድሰይድም ፍርድ ቤት የሚቆመው ያለ እርቅ ነው። ቀጠሮው ደግሞ ኅዳር መጨረሻ ነበር።

ሦስተኛው በኅዳር አጋማሽ ሆነ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄዱ። እኛ ቤት ቁጭ ብለን ጠበቅን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ አምስቱም ተመልሰው መጡና ግቢያችን ውስጥ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አባ ታረቀኝ ጥምጥማቸውን ፈትተው ላባቸውን ጠረጉበት።

«በቃ» አሉ። «በሩን ዘጋብን።»

አማቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እንዴት? ምን ብሎ?»

«ምንም አላለም። ተከፈተ፣ ቆምን። ሰው አልወጣም። እያየነው ተመልሶ ተዘጋ። ሰው ሽማግሌ እንዲህ ሲያባርር አላየሁም።»

«እኔ በሽምግልና ስኖር በውሻ ተባርሬ አውቃለሁ፣ በሴት ምላስም ተባርሬ አውቃለሁ» አሉ አንደኛው ሸህ። «በብረት ስባረር ግን የመጀመሪያዬ ነው፣ ወላሂ።»

የሳቀ የለም። መህዲ ግንዱን ተደግፎ ቆሟል።

«መብራት ነበር?» አለ።

«ምን አልክ?»

«ስትደርሱ። መብራት ነበር ወይ?»

«ይኼ ልጅ ደህና አይደለም!» አሉ አባ ታረቀኝ። «እኛ የደም ነገር እናወራለን፣ እሱ አምፖል ይቆጥራል!»

ከሽማግሌዎቹ ወጣት የሚባሉት ግን ትንሽ አሰቡ። «በሩ እንደተዘጋ ወፍጮው ዝም ሲል ሰምቻለሁ» አሉ። «ጠፍቶ ይሆናል።»

«ዘበኛውስ አልነበረም?»

«ማሽላ አጨዳ ሄዷል አሉ።»

መህዲ አንድ እንጨት አንስቶ ለአባ ታረቀኝ ሰጣቸው። «የት ነበር የቆማችሁት? ያሳዩኝ።» እሳቸው እየተነጫነጩ አፈሩ ላይ ሁለት ምሶሶ ሳሉ፣ ከዚያ ራቅ አድርገው አምስት ነጥብ ወጉ። መህዲ ስዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ዓይኑ አላያችሁም» አለ።

«የማን ዓይን?»

«የበሩ። በፊት ስትመጡ ዘበኛው በምሶሶዎቹ መሃል ይቆም ስለነበር አልተዘጋም። እናንተ ራቅ ስላላችሁ ሰው የለም ብሎ ዘጋ። የሚጠብቀው ሃያ ሰከንድ ነው። ሃያ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«እሺ ይሁን። ታዲያ ዘካሪያስ ለምን ተመልሶ አልከፈተም? ሽማግሌ ቆሟል እኮ!»

መህዲ ወደ ቤት ገብቶ ሽቦውን ይዞ ወጣ። አንዷን ቁልፍ አውጥቶ አፈሩ ላይ፣ ስዕሉ አጠገብ አስቀመጣት።

«መብራት ሲጠፋ የሚከፈተው በዚህች ነው። እኔ ጋ ናት። ትንሿን በርም እኔው ነኝ የበየድኳት። አሁንም እዚያው ተዘግቶበት ነው ያለው።»

እንደዚህ ሲናገር ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም። የሌላ ሰው ነገር የሚያስረዳ ይመስል ነበር።  ቁልፏን አየኋት፤ ከጣቴ አትበልጥም።

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። «መሄዳችን ተቆጥሯል፤ ሦስት ሦስት ነው» አሉ አንዱ። «በር ተናገረ ብለህ ልትቆጥር ነው? ሰው ከአፉ 'አይሆንም' አላለንም» አሉ ሌላው። «'ግቡ'ም አላለን!» «ታዲያ ይጠየቃ!» «ማን ይጠይቀው? ሽማግሌ ሳይጠራ አይመለስም። ስልክም ልጁ ከሞተ ወዲህ አያነሳም።» በመጨረሻ አባ ታረቀኝ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ። «ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአፉ ቃል ካገኘን መሄዳችን አልተቆጠረም። ካላገኘን ተቆጥሯል፤ እኛም ወደየቤታችን።»

ከዚያ እኔን አዩኝ። ፈሪሀ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች።

«ልጅ ያዘለች ሴት የማንም በር ላይ ትቆማለች» አሉ። «ሥርዓቱ አይከለክላትም።»

መህዲ ቁልፏን አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። በአምስት ወር ውስጥ እንዲያ ብዙ ቃል አልተናገረኝም። «ሞተሩ ከውስጥ በኩል ነው። ቁልፏን በበሩ ሥር አሳልፊለት። ክዳኗን ከፍቶ ቁልፏን ወደ ግራ ያዙር፣ ከዚያ እጀታዋን ወደ ራሱ ይሳብ። መጀመሪያ እንዳይገፋ በይው። ይሳብ፣ ከዚያ ይግፋ።»

«ሌላስ ምን ልበለው?»

«ሌላ የለም።»

በእግሬ ሄድኩ። ባጃጅ ላይ መውጣት ከሰኔ ወዲህ ትቻለሁ። ከውድማ የሚመጣው እብቅ ዓይን ያሳውራል፤ የፈሪሀን ፊት በሻሼ ሸፈንኩት። በሩ ጋ ስደርስ ከውስጥ ብረት በብረት ሲመታ ይሰማል።

«ቤቶች!» አልኩ። መምታቱ ቆመ።

«ማነሽ?» የእትዬ ፍሬሰላም ድምፅ ነው።

«ራዊያ ነኝ፣ እትዬ። የመህዲ ባለቤት።»

 የባልና ሚስቱ ትንፋሽ ከብረቱ ማዶ ይሰማኛል። ቢያባርሩኝ እመለሳለሁ፣ ካላባረሩኝ እናገራለሁ ብዬ ቆምኩ። አላባረሩኝም።

«የበሩን ቁልፍ አምጥቼ ነው» አልኩ። ተንበርክኬ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አሳለፍኩት። መጀመሪያ አፈሩ ላይ ቀረ፤ ቆይቶ የወንድ እጅ መጥቶ ወሰደው። ጥፍሮቹ መሃል ደም አለ። ሞተሩን ለማላቀቅ ሲታገል ነበር።

መህዲ ያለኝን አንድ በአንድ ነገርኩት። ክዳኑ ሲከፈት ሰማሁ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።

«ሽማግሌዎቹ ለምን ጥለውኝ ሄዱ?» አለ ጋሽ ዘካሪያስ በድንገት።

«በሩ ዘጋባቸው፣ ጋሽ። ራቅ ብለው ቆመው ስለነበር አላያቸውም። እርስዎ የዘጉት መስሏቸው ነው።»

«እኔ አልዘጋሁም።»

«እናውቃለን።»

«ሪሞቱን ተጭኜ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ልነሳ ስል እግሬ እምቢ አለኝ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ሲዘጋ አየሁት። መብራት ባይጠፋ እነሳ እንደሆነ እንጃ። አላውቅም።»

«ሳብ እንጂ፣ ዘካ» አለች እትዬ ፍሬሰላም። «ሳብ ብላሃለች።»

ሳበ። ሞተሩ ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ሁለቱም ገፉ። በሩ አንድ ስንዝር ተንቀሳቅሶ ቆመ። እንደገና ገፉ፤ አልሄደም፤ ሞተር የሚጎትተውን ክንድ አልቻለውም። ሐዲዱን የክረምቱ ጭቃ ሞልቶት ደርቋል፣ ላዩ ላይ የዘንድሮ ገለባ ተጋግሮበታል። አምስት ወር ያጸዳው የለም።

በዚያች ስንዝር ጋሽ ዘካሪያስን አየሁት። ጢሙ አድጓል፣ አንገቱ ቀጥኗል። እሱ የሚያየው ፈሪሀን ነው። ነቅታ ጣቷን ትጠባለች።

«ስሟ ማነው?»

«ፈሪሀ።»

«እህ።»

«ለሽማግሌዎቹ ምን ብዬ ልመለስ፣ ጋሽ? ፀሐይ ሳትጠልቅ ከእርስዎ አፍ ቃል ይጠብቃሉ። ካልሆነ ቀርቷል ብለዋል።»

ሐዲዱን አየ። እትዬ ፍሬሰላም ከኋላው ቆማለች። እጇን ጀርባው ላይ አድርጋለች።

«ነገ ይምጡ» አለ።

«'ግቡ' ሊሏቸው ነው?»

«ይምጡ ነው ያልኩሽ።»

«በምን በኩል?» አለች እትዬ ፍሬሰላም። «ሽማግሌ በስንዝር አይገባም።»

ጋሽ ዘካሪያስ በሩን በትከሻው ገፋው፤ ፍንክች አላለም። ግንባሩን ብረቱ ላይ አሳረፈ። «ያንን ሰው ላኪው» አለ። ስሙን አልጠራም። «ማለዳ ይምጣ። በውጭ በኩል ይሁን። ፊቱን አላይም፣ ፊቴን አያይም።»

ይህን ይዤ ተመለስኩ። አባ ታረቀኝ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ከራሱ አፍ?» «ከራሱ አፍ።» «እንግዲያው አልተቆጠረም» አሉና ተነሱ። መህዲ ብሩሽና መሮ፣ አንድ ጣሳ ግራሶ በጆንያ ውስጥ ከተተ። «አብሽር፣ ኢንሻአላህ ይሆናል» አልኩት። እሱ ጆንያውን እያሰረ ነበር።

በማግስቱ ገና ሳይሞቅ ደረስን። እኔ ፈሪሀን ይዤ ከግንቡ ማዶ ቆምኩ። መህዲ ሽርጡን እስከ ቅንድቡ ድረስ ተከናንቦ ሐዲዱ ላይ ተንበረከከ። በመሮ ይሰብራል፣ በብሩሽ ይጠርጋል፣ በእጁ ያፍሳል። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ በኩል ሌላ መፋቅ ተሰማ። ጋሽ ዘካሪያስ ነው፤ በማንኪያ ይሁን በቢላዋ አላየሁም።

የውጩን አጽድቶ ሲጨርስ ከብረቱ ሥር ያለው ክፍል ቀረ። እሱ የሚገኘው በሩ ገለል ሲል ብቻ ነው። መህዲ ብረቱን ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ከውስጥ ተገፋ፤ አንድ ክንድ ሄደ። አጸዳ። ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ ተገፋ። እንዲህ እያሉ፣ ቃል ሳይለዋወጡ፣ አንዱ ሲያንኳኳ ሌላው ሲገፋ፣ ስድስቱን ሜትር ጨረሱት። በሩ እየተከፈተ ሲሄድ በመካከላቸው የነበረው ብረት አነሰ። የመጨረሻው ክንድ ሲቀር መህዲ ዕቃውን ሰብስቦ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መንገዱ ዞረ። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ሐዲዱ ግራሶ ጠጥቶ ያብለጨልጫል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። እንደ ትናንቱ ራቅ ብለው ቆሙ። መህዲ በእነሱና በበሩ መሃል ትንሽ ወደ ጎን ሆኖ፣ ፊቱን ወደ አስፓልቱ አድርጎ፣ ራሱን ደፍቶ ቆሟል። ሊሄድ ነበር፤ ሲደርሱበት ሳይንቀሳቀስ ቀረ።

ጋሽ ዘካሪያስ ከበረንዳው ተነሳ። ግቢው ሰፊ ነው። በቀስታ መጣ፤ አንድ ጊዜ መሃል ላይ ቆመ፤ እትዬ ፍሬሰላም ልትይዘው እጇን ዘርግታ ተወችው። ምሶሶው ጋ ደርሶ እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። 

«ግቡ» አለ።

አባ ታረቀኝ ዱላቸውን በግራ እጃቸው አዙረው ቀድመው ገቡ። ሸሁ «ቢስሚላህ» ብለው ተከተሉ። የቀሩትም ገቡ። ጋሽ ዘካሪያስ ግን ወዲያው አልተከተላቸውም። የመህዲን ጀርባ እያየ ቆመ። ፀሐዩ በርትቷል፣ የመህዲ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«አንተም ከፀሐዩ ዞር በል» አለው።

መህዲ ሳይዞር፣ ፊቱን ሳያሳይ፣ በጎኑ እየሄደ የግንቡ ጥላ ውስጥ ገባና ተቀመጠ። ግራሶና አፈር የጠጡ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። እኔም ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፈሪሀ ወርዳ ጆንያውን መጎተት ጀመረች።

ከውስጥ የአባ ታረቀኝ ድምፅ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይለይም።

«ምን እያሉ ነው?» አለኝ መህዲ።

«አይሰማኝም።»

«ዝም በይና ስሚ እስቲ» አለ፤ ራሱንም ወደ ግንቡ አስጠጋ።